ውሃ ጠጥታ የማታውቅ

ሰሜን ጀርመን፣ ቪክ መንደር፤ ሪክ የሚሏት ወንዝ
ከባሕር ደጅ ደርሳ እግሯን ስታጓትት፣ ስታርፍ፣ ስትናወዝ፣
አንድ የመረብ ቤት አለ፣ ጣሪያው በሸምበቆ የተከደነ፣
አጥማጆች የለቀቁት፣ ቤተ ሙከራ የሆነ።
የሌሊት ተራ የኔ ነው።
ዘጠኝ ዓሣ እጠብቃለሁ፤
አንዷም ከትንሿ ጣቴ አታልፍም፤
ጀርባዋ ላይ ሦስት እሾህ፣ ሌላ ጌጥ የላትም።

አለቃዬ ዊብከ፣ ቃሏ ቁጥብ፣ ጓንቷ ረጅም፤
«አታፍስስ፣ አንጠብጥብ» አለችኝ፤ «ጨው ችኮላ አይወድም።»
ከገንዳው በላይ ባልዲ፣ ከባልዲው ቀጭን ቱቦ፣
ቱቦው ላይ አንድ ቋጠሮ፤
ጠብ…
እስከ ሃያ ቁጠር፣ ደግሞ
ጠብ።
ባሕር ይገባል፣ ተቆጥሮ።

አምና አዲስ ነበርኩ፣ ቋጠሮውን አላላሁ፤
«ውሃ ያው ውሃ ነው» ብዬ፣ ሄጄ ሻይ አፈላሁ።
ስመለስ
ነጭ ሆዳቸውን ለአምፖሉ ሰጥተው፣
ሰባቱም ተንሳፈው፣
ውሃ መሃል፣ በውሃ ጥም ሞተው።
ዊብከ አልተቆጣችም። በጭልፋ አወጣቻቸው፣ አንድ ባንድ መዘነች፤
«ቀለዋል» ብቻ አለች።

ከዚያ ወዲያ ነው የገባኝ የትንሿ ዓሣ ነገር፦
ወንዝ ሳለች ኑሮዋ ሁሉ ውሃ ማስወጣት ነበር።
ሳትጋብዘው በቆዳዋ፣ በስንጥቧ ሰርጎ ይገባል፤
ቀን ከሌት ትሸናለች፤ ጨዋም አብሮ ይፈሳል፤
ስንጥቧ እንደ ቆራሌው፣ ከሚያልፈው ውሃ መሃል
ቅንጣት ጨው ይለቅማል።
ከተፈለፈለች ጀምሮ አፏ ውሃ ውስጥ ነው፤
ግን፣ ማን ያምነኛል?
ጠጥታ አታውቅም።

ባሕር ላይ ሁሉም ይገለበጣል።
ውሃዋ ይሸሻታል፤ ጨው በሯን ገፍቶ ይመጣል።
እንግዲህ መጠጣት ትማር፤
ያ ለቃሚ ስንጥቧ የለቀመውን አውጥቶ ይጣል፤
ኩላሊቷም እንደ ንፉግ፣ ሽንቷን በጠብታ ይቁጠር።
ይህ ሁሉ ባንድ ሌሊት አይሆንም።
ያ ሻይ እስኪፈላም አይሆንም።

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላል የኛ ሰው፤
ለሂንሪክ፣ ለድልድዩ ዘበኛ ነገርኩት፤ ጢሙን ዳበሰው፤
«ዓሣዋስ? እሷ ለራሷ ስትል ምን ትሁን?» አለ።
መልሴን ሳይጠብቅ የድልድዩን ሰንሰለት ጎተተ፤
እንጨቱ ተነሣ፤ አንድ ጀልባ ሾልኮ ሄደ።

ሦስተኛው ቀን፦ ምግብ አልነኩም። ጥግ ይዘዋል።
አምስተኛው፦ አንዷ፣ መካከለኛ እሾኋ የተሰበረው፣
ከመስታወቱ ተለጥፋ ታየኛለች።
የጠጣች እንድትለይ ውሃውን ቀይ ቀለም ቀላቅለንበት ነበር።
ሰባተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪዬን ሳበራ፣
በዚያችው በስባራዋ ሆድ
ቀጭን ቀይ ክር፤
ጠጥታለች!
ማንን ልቀስቅስ በዚህ ሰዓት?
ብርጭቆዬን ከገንዳው ጋር አጋጨሁና «ለጤናሽ!» አልኳት።

በአሥራ አንደኛው ማለዳ በባልዲ ይዘናቸው ወረድን፣
ወንዙ ከባሕሩ ከሚቀላቀልበት፣ ከድንጋዩ ጫፍ ቆምን።
ስምንቱ ሽው ብለው ወደ ጨዉ፤
ስባራዋ ባልዲው ውስጥ ቀረች።
ነካ አደረግኳት፤ ወጣች፤ ጥቂት አመነታች፤
ከዚያ ወደ ወንዙ ታጠፈች።
ያን ሁሉ ሌሊት! ያን ሁሉ ጠብታ!
ሂንሪክ ከድልድዩ ላይ ሳቁ ተሰማ።

ዊብከ መዝገቡን ዘረጋች። «ስንት?»
«ስምንት።»
«ዘጠነኛዋስ?»
«መጠጣት ልትረሳ ሄደች።»
በመዝገቡ ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦
«ባሕር ገባ»፣ «ሞተ»።
እርሳሷን አፏ ውስጥ ይዛ ቆየችና
በሁለቱ መሃል፣ እመስመሩ ላይ፣
ነጥብ አስቀመጠች፤
ጠብታ የምታህል።